እናት ያልገባችበት ሠንጠረዥ

ነሐሴ 2008 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ማቴዎስ ወልደየስ ደበሌ
የተሳሰረ የነዋሪዎች መረጃ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሐዋሳ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ በሕይወት ካሉም ለወላጅ እናትዎ ጤናን፣ ሰላምንና ረጅም ዕድሜን እየተመኘሁ፣ ይህን የምስጋና ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድኩት በጽሕፈት ቤትዎ በኩል ለማቅረብ ያደረግሁት ሙከራ ሁሉ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» በሚል መልካም ዜና ስለተመለሰ መሆኑን በትሕትና እገልጻለሁ። ሰው ስብሰባ ላይ መዋሉ ለጤንነቱ ምስክር ነውና፣ ከደጅዎ በተመለስኩ ቁጥር ስለ ደኅንነትዎ ፈጣሪዬን እያመሰገንኩ ሄጃለሁ። አንዳንድ ወዳጆቼ በአደባባይ መጻፍ ፀረ ልማት ሊያሰኘኝ እንደሚችል አስጠንቅቀውኝ ነበር፤ እኔ ግን ምስጋና ማንንም አስቀይሞ እንደማያውቅ ነግሬ አረጋግቻቸዋለሁ።

እኔ ብርቅዬ ኤርሲዶ ላምቤቦ እባላለሁ። በመሃል ከተማ የተማሪዎች ዩኒፎርም የምሰፋ ልብስ ሰፊ ስሆን የሰፈራችን እድር ጸሐፊም ነኝ። ሃሴት ሔኖክ ደበሌ የምትባል አንዲት ልጅ ወልጄ ነበር፤ አባቷ ሔኖክ ገና ዳዴ ስትል ስለሞተብን ብቻዬን አሳደግኋት፣ አስተማርኋት፣ ለኮሌጅም አደረስኋት። ሃሴት በዚህ ዓመት በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ ዕለት አርፋለች። ይህን ሁሉ እዚህ ላይ በራሴ ቃል የምመሰክረው የእናንተ መረጃ ስለማያውቀው ነው። በእናንተ መረጃ እኔና ሃሴት ባዳዎች ነን።

ደብዳቤዬን የሚያነቡ የከተማችን ነዋሪዎች ነገሩ እንዳይምታታባቸው፣ ክቡርነትዎን ይቅርታ እየጠየቅሁ ጥቂት ላስረዳ። ጽሕፈት ቤትዎ ካለፈው ዓመት ጀምሮ በቀበሌ፣ በትምህርት ቤትና በሆስፒታል ተበታትኖ የኖረውን የነዋሪ መረጃ አንዱን ከአንዱ የሚያስተሳስር ሥራ ጀምሯል። ለዚህም ወፍራም ሰነድ ተዘጋጅቷል፤ የሰነዱም ልብ አንድ ሠንጠረዥ ነው። በሠንጠረዡ ውስጥ እያንዳንዱ ረድፍ ስለ ሰው የሚያዝ አንድ ነገር ነው፤ ስም፣ ፆታ፣ አድራሻ እያለ ይወርዳል። ዓምዶቹ ደግሞ የዚያን ነገር ትርጉም፣ ምን ዓይነት መልስ እንደሚቀበል፣ ስንት መልስ እንደሚፈቀድ፣ ግዴታ ይሁን ውዴታ፣ በመጨረሻም ምሳሌውን ይናገራሉ። ማሽኑ የሚያውቀው ይህንኑ ብቻ ነው። ረድፍ ያልተሰጠው ነገር ለማሽኑ በዓለም ላይ የለም። አሁን ወደ ምስጋናዬ እገባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ምክክር መድረኩ አመሰግናለሁ። ሠንጠረዡ ከመጽደቁ በፊት የእድር፣ የሴቶችና የወጣቶች ተወካዮችን በሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል ሰብስበው፣ ባጅ በአንገታችን አስጠልቀው፣ ሻይና ብስኩት ጋብዘው፣ ረድፎቹን አንድ በአንድ በግድግዳ ላይ ስላሳዩን ከልቤ ክብር ተሰምቶኛል። ከረድፎቹ አንዱ «የቤተሰብ ስም» ይላል። በትርጉሙ ዓምድ «የነዋሪው ሦስተኛ ስም» ተብሎ ተጽፏል፤ የሚፈቀደው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ ግዴታም ነው። ከሥሩ ያለው ረድፍ «ቤተሰብ» ሲሆን፣ እሱን ሰው አይሞላውም፤ ማሽኑ ራሱ የቤተሰብ ስማቸው አንድ የሆነ የከተማውን ነዋሪዎች ፈልጎ ያስተሳስራቸዋል። ያን ጊዜ እጄን አውጥቼ፣ በእኛ አገር ሦስተኛው ስም የአያት ስም እንጂ ለቤተሰቡ ሁሉ የሚዳረስ ስም እንዳልሆነ፣ ሴትም ስታገባ የአባቷን ስም ይዛ እንደምትቀር፣ በዚህ ሥርዓት እኔ ላምቤቦ፣ ባለቤቴ ቢኖር ኖሮ በአያቱ ስም ቡኔ፣ ልጃችን ደግሞ ደበሌ ሆነን በአንድ ጣሪያ ሥር ሦስት ባዳ እንደምንሆን በትሕትና አስረዳሁ።

ከእኔ ቀጥሎ ማይክ የጨበጡ አንድ የሲዳማ አዛውንት፣ እርሳቸው አያት ቅድመ አያቶቻቸውን ወደ ላይ መቁጠር ከጀመሩ ስብሰባው ሳያልቅ እንደማያበቁ ተናግረው፣ ማሽኑ ከዚያ ሁሉ ሰው አንዱን ብቻ ከመረጠ የቀሩትን ወዴት ሊያደርጋቸው እንዳሰበ ጠየቁ። አዳራሹ ሳቀ። ክቡርነትዎም አብረውን ስቀው ሲያበቁ፣ ሠንጠረዡ ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ መሆኑን፣ ከዓለም ጋር ለመተሳሰርም ዓለም በሚገባው መንገድ መናገር እንዳለብን አብራርተው፣ ሐሳባችንን «እንደ ግብዓት» እንደሚወስዱት ቃል ገቡልን። ወሰዱትም። ከዚያ ወዲህ አላየነውም።

ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ሴት የእናት ረድፍ የት እንዳለ ስትጠይቅ የሰጧትም መልስ አይረሳኝም። የእናት ስም በልደት ምስክር ወረቀት ላይ ስላለ እዚህ መጻፉ ድግግሞሽ እንደሚሆን፣ ሠንጠረዡም ከአንድ ገጽ እንዳያልፍ ሲባል መቀነሱን ነገሯት። በመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ጊዜ ብዙ ሰው ከመደቡ ሲነሳ አይቻለሁ፤ እናት በድግግሞሽ ተገምግማ ስትነሳ ግን ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያም ተጨበጨበ። ጭብጨባው ለሠንጠረዡ ይሁን ለሻይ ዕረፍቱ እስካሁን መለየት አልቻልኩም።

ሁለተኛ፤ በምሳሌው ዓምድ ውስጥ ስለሰፈሩት ስለ አቶ ጆን ስሚዝ አመሰግናለሁ። ሰነዱን ወደ አማርኛ የመለሱት ባለሙያዎችዎ ሌላውን ሁሉ ለውጠው እርሳቸውን ብቻ እንዳሉ መተዋቸው እንግዳ አክባሪነታችንን ያሳያል። አባታቸው ስሚዝ፣ ሚስታቸው ስሚዝ፣ ልጆቻቸው ስሚዝ ናቸውና፣ አቶ ጆን በሐዋሳ ጎዳና አንድ ነገር ቢያገኛቸው ማሽኑ ቤተሰባቸውን በአንድ አፍታ ያሰባስብላቸዋል። እኔ በሙያዬ የሚለብሰውን ሰው ሳልለካ ጨርቅ አልቆርጥም፤ ክቡርነትዎ ግን በአቶ ጆን ልክ አንድ ከተማ ሕዝብ አልብሰዋል፤ እጅጌ ለረዘመበትም፣ አንገት ላነቀውም፣ ልኩ ዓለም አቀፍ ነው ተብሏል። አባቶች ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይላሉ። እርስዎ ግን ለቀማውን አሳክተው የሞዴል ተቋም ዋንጫ ተሸልመውበታል፤ ለዋንጫው እንኳን ደስ አለዎት።

መጀመሪያ መጀመሪያ እኛም ስቀንበታል፤ አልደብቅዎትም። በሰፈራችን አንድ ወንጌላዊ አሉ፤ አግብተው ልጅ አልወለዱም። የአያታቸው ስም በከተማው ሞልቷልና፣ አንድ ጠዋት ከትምህርት ቤት ተደውሎ ልጅዎ መስታወት ሰብሯልና ይምጡ ተባሉ። ሰውዬው ቀልድ አዋቂ ስለሆኑ ሄደው የማያውቁትን ልጅ ቁጭ አድርገው መክረው፣ ጸልየውለት ተመለሱ፤ የልጁ ትክክለኛ አባት ግን እስከ ዛሬ መስታወቱን አያውቅም ይባላል። አንዲት ጎረቤቴም ማሽኑ ያገኘላትን ወንድም ለማየት ጓጉታ ስልክ ብትደውል፣ ሰውዬው የሙስና ክስ ያለበት ኖሮ ጠበቃ ልትሆንልኝ ነው ብሎ በደስታ አለቀሰባት። እንዲህ እያልን በየለቅሶው ዳር፣ በየሠርጉ ድንኳን ስንስቅ ከረምን። ሃሴትም ቤታችን ቁጭ ብላ፣ አንቺ ለእኔ ማን ነሽ፣ ሂጂ ከቤቴ ውጪ እያለች ታሾፍብኝ ነበር። ሳቋ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ሦስተኛ፤ ዋናው ምስጋናዬ ይህ ነው። የፍቼ ዕለት ሃሴት ወንጌላዊት ከምትባል ጓደኛዋ ጋር በዓሉ ወደሚከበርበት ወደ ጉዱማሌ ሜዳ ሄዳ ስታይ ውላ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ በባጃጅ ወደ ቤት ስትመለስ አይሱዙ መታቸው። ወንጌላዊት ተቧጥጣ ተረፈች፤ ልጄን መንገደኞች አንስተው ሆስፒታል አደረሷት። ስልኳ ተሰባብሯል፤ ቦርሳዋ ውስጥ ግን ጽሕፈት ቤትዎ የሰጣት አዲሱ ካርድ ነበረ፤ ፎቶው አላማረም ብላ ያኮረፈችበት ካርድ። የሆስፒታሉ ሠራተኛ ቁጥሩን ማሽኑ ውስጥ አስገባ። ማሽኑም እንደታዘዘው ሦስተኛ ስማቸው ደበሌ የሆነ የሐዋሳ ነዋሪዎችን ከነስልካቸው አወጣለት። እነዚህ የልጄ ቤተሰቦች ናቸው ተባለ፤ ወደ እነርሱም መደወል ተጀመረ።

ወንጌላዊት በሰው ስልክ ደውላልኝ ከማሽኑ ቤተሰቦች ቀድሜ ደረስኩ። እጄ ላይ የስፌት ጣት ቀለበቴ እንዳለ ነበር። በአዲሱ መመሪያ መሠረት ግን ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚገባው በካርዱ ቤተሰብነቱ የተረጋገጠ አንድ ሰው ብቻ ነው። ካርዴን ሰጠሁ፤ ላምቤቦ ይላል። ጥበቃው ጨዋ ልጅ ነው፤ ደጋግሞ ወደ ውስጥ እየገባ ጠየቀልኝ፤ በመጨረሻ ዓይኔን ማየት እያቃተው «እናቴ፣ እኔስ አምኜሽ ነበር፤ ማሽኑ ነው ያላመነሽ» አለኝ። ፎቶዋን አሳየሁት። የእድራችን ሰዎች እየሮጡ መጥተው መሰከሩልኝ፤ እድራችን ሠርጌንም፣ የባሌን ቀብርም፣ ሃሴት የተወለደችበትን ቀንም የሚያውቅ እድር ነው፤ ይሁንና እድር በሠንጠረዡ ረድፍ የለውም። ወንጌላዊት ደም በነካው ቀሚሷ ቆማ እናቷ እኮ ናት እያለች ጮኸች፤ ጓደኛም ረድፍ የለውም። እኔ ራሴ ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ የመሬቱን አስፋልት በእጄ እንደመታሁ ሰዎች ነግረውኛል።

በዚያ መካከል አንድ በዕድሜ ጠና ያሉ፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሰው እያለከለኩ ደረሱ። ካርዳቸውን አሳዩ፤ በሩ ተከፈተላቸው። ሲያልፉ የኮታቸው ጫፍ ነክቶኛል። ጥቂት ቆይቶ ያው ጥበቃ መጥቶ፣ የታማሚዋ ቤተሰብ ገብተዋልና ከእንግዲህ ሌላ ሰው እንደማይፈቀድ ነገረኝ። ክቡር ሆይ፣ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ስሰማ ነው ያደግሁት። እናት ለልጇ ባዳ ስትሆን ለማየት ግን የእርስዎን ዘመን መድረስ ነበረብኝ።

በእውነት መፍረድ ስላለብኝ አንድ ነገር ልመስክርልዎት፤ ሠንጠረዥዎ ልጄን አልገደላትም። የገደላት አይሱዙ ነው። ሐኪሙም እኔ ብገባ ባልገባ የሚለወጥ ነገር እንዳልነበረ በቅንነት ነግሮኛል፤ አምኜዋለሁ። ሠንጠረዥዎ የወሰደብኝ ለእኔ የቀረችኝን አንዲት ነገር ነው፤ እጇን ይዤ መሸኘት። ይህንንም ለመውሰድ ጉልበት አላስፈለገውም፤ አንድ ረድፍ መተው ብቻ በቂ ሆነ። አንጀቴ እያረረ እንደምጽፍልዎት ከአክብሮት ጋር እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ።

አራተኛ፤ ዘመድ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። ነጭ ቆብ ያደረጉት ሰው አቶ አብዱልሃሚድ ኑሪ ደበሌ ይባላሉ። ከአርሲ በኩል የመጡ፣ በመናኸሪያ የአውቶቡስ መለዋወጫ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። ቤተሰብዎ ተጎድቶ ሆስፒታል ገብቷል ተብለው ሲደወልላቸው የማንን ስም እንደሚጠሩ ሳያውቁ፣ ሱቃቸውን ለጎረቤት አደራ ብለው ነው የሮጡት። አልጋው አጠገብ ሲደርሱ በሕይወታቸው አይተዋት የማያውቋት ልጅ ሆነች። ይቺ የእኔ አይደለችም፣ እናቷን ፈልጉላት ብለው ለመኑ፤ ሠራተኛው ግን መረጃው ከላይ የመጣ ስለሆነ እንደማይሳሳት ነገራቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ይወጣ ነበር፤ የሚጠብቃቸው ገበያ ነበራቸው። እሳቸው ሰው ብቻውን አይተኛም ብለው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ሃሴት አንድ ጊዜ ዓይኗን ገልጣ «እማ መጣች?» ብላቸዋለች። እሳቸውም ልጅቷ እንዳትጨነቅ ብለው «መጥታለች ልጄ፣ በር ላይ ናት» አሏት፤ እጇንም ያዙላት። ከዚያ በኋላ አልቆየችም። ሲያበቃ ወደ በሩ ወጥተው፣ የዚህች ልጅ እናት እዚህ አለች ወይ ብለው በታላቅ ድምፅ ተጣሩ። እዚያው ነበርኩ። ማንም ምንም ሳይነግረኝ ፊታቸውን አይቼ ገባኝ።

አስከሬኗንም ፈርመው ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ እኔ የምፈርምበት ረድፍ አልነበረምና። በማግሥቱ የመናኸሪያ ነጋዴዎችን አስከትለው ለቅሶ መጡ፤ እኛ በመዝሙራችን፣ እነሱ በዱዓቸው፣ በአንድ ድንኳን ውስጥ ሃሴትን አለቀስናት። ድንኳኑ ጸጥ ሲል አቶ አብዱልሃሚድ ወደ እኔ ቀርበው፣ ልትሞት ላለች ልጅ ዋሽቻለሁ፣ እናትሽ በር ላይ ናት ብያታለሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ እያሉ አለቀሱ። ያጽናናኋቸው እኔ ነኝ። አልዋሹም፤ በር ላይ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ጁምዓ ሰግደው ሲመለሱ ደጄን ሳይረግጡ አያልፉም። ማሽንዎ አስቦበት ያደረገው ባይሆንም፣ ከሠራቸው ትስስሮች ሁሉ ሥጋና ደም ያገኘው ይህ አንዱ ነው።

አምስተኛ፤ ስለ መረጃ ማስተካከያ አገልግሎታችሁ አመሰግናለሁ። ከቀብር በኋላ ጥንካሬ ሳገኝ፣ የሃሴት እናት ተብዬ እንድጻፍ ለማመልከት ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጣሁ። የምፈልገው ካሳ አይደለም፤ የሚከሰስ ሰውም አልፈለግሁም። ልጄ በከተማዋ መረጃ ውስጥ እናት የሌላት ሆና እንዳትቀር ብቻ ነበር። በመስኮቱ ያለችው ሠራተኛ ከልብ አጽናንታኝ፣ ነገር ግን መረጃ የሚስተካከለው የመረጃው ባለቤት ራሷ ቀርባ ስትጠይቅ እንደሆነ አስረዳችኝ። ባለቤቷ አርፋለች አልኳት። ሠራተኛዋ ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች ብታየው ሞት ለሚባል ነገርም ረድፍ አልተሰጠውም። ስለዚህ በእናንተ ዘንድ ሃሴት በሕይወት አለች፤ ለዚህም አመሰግናለሁ፤ እንዲህ ያለ መልካም ዜና ከየትም አላገኘሁም። ባለፈው ሰሞን እንዲያውም በስሟ የወጣቶች የውይይት መድረክ ጥሪ ደርሷታል። ሳትገኝ በመቅረቷ እኔ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ መቅረት ልማዷ አልነበረም።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ይህን ሁሉ ምስጋና ካቀረብኩ በኋላ አንዲት ልመና ብጨምር ድፍረት እንዳይሆንብኝ። የምለምነው አንድ ረድፍ ነው። ባለሙያዎችዎን ላለማድከም እንደ ደንቡ ሞልቼ አቅርቤዋለሁ። ስሙ፦ እናት። ትርጉሙ፦ የወለደች ወይም ያሳደገች። የሚቀበለው መልስ፦ ሰው። ስንት ይፈቀዳል፦ አንድ፤ የእንጀራ እናት ወይም አክስት ያሳደገችውም ስላለ ከአንድ በላይ ቢሆንም አይከልከል። ግዴታ ወይስ ውዴታ፦ ግዴታ። ምሳሌ፦ የሃሴት ሔኖክ እናት ብርቅዬ ኤርሲዶ ናት። ገጹ ጠበበ የሚሉ ከሆነ አቶ ጆን ስሚዝ ቦታቸውን ቢለቁ እንደማይቀየሙ እርግጠኛ ነኝ፤ እርሳቸው የትም ቢሆኑ ቤተሰባቸው ያገኛቸዋል።

ይህን የምለምነው ለእኔ አይደለም፤ ለእኔስ ጊዜው አልፏል። ነገ በዚያ በር ላይ የምትቆም ሌላ እናት አለች። ዛሬ ገበያ ላይ ሽንኩርት ትመርጥ ይሆናል፤ ወይም እኔ ዘንድ መጥታ የልጇን ዩኒፎርም ታስለካ ይሆናል፤ ቁመቱን ጨምሪበት፣ ቶሎ ያድጋል እያለች። የእሷና የልጇ ሦስተኛ ስም የተለያየ መሆኑን አታስበውም። ክቡርነትዎም እናትዎ በሕይወት ካሉ፣ ከሚቀጥለው ስብሰባ በፊት ጎራ ብለው ሦስተኛ ስማቸውን ይጠይቋቸው፤ ከእርስዎ ጋር አንድ ካልሆነ፣ እርስዎ የታመሙ ዕለት እኔ የቆምኩበት ቦታ ላይ እንደሚቆሙ ቀስ ብለው ይንገሯቸው። ቦታው ጥላ የለውም፤ ነጠላ ቢይዙ ይሻላል።

በሐዋሳ ምድር ላይ ሰውን ከሰው ለማስተሳሰር ለሚያደርጉት ያላሰለሰ ጥረት ያለኝን ጥልቅ አክብሮት ዳግም እየገለጽኩ፣ ሥልጣንዎ እንዲረዝም፣ ሰነድዎ እንዲወፍር፣ ዋንጫዎ እንዲበዛ፣ ያሰቡት ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ እንዲያልቅልዎት እመኛለሁ።

በመረጃዎ ዘንድ የማንም እናት ያልሆነች፣
ትሑት አገልጋይዎ
ብርቅዬ ኤርሲዶ ላምቤቦ
የሃሴት እናት

ድኅረ ጽሑፍ፤ አንድ ነገር ልረሳ ነበር። የሆስፒታሉ ሠራተኛ ለአቶ አብዱልሃሚድ እንደነገራቸው፣ ማሽኑ ካወጣው ዝርዝር መጀመሪያ የተደወለው ወደ እርሳቸው አልነበረም። ከእርሳቸው በላይ ሌላ ደበሌ ነበረ፤ ስልኩንም አንዲት ጸሐፊ አንስታ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ብላ ዘጋችው። ስሙን ጠይቀን ነበር፤ ዝርዝሩ ማቴዎስ ወልደየስ ደበሌ ይላል። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በራስዎ ሠንጠረዥ የልጄ የመጀመሪያው ቤተሰብ እርስዎ ነዎት፤ እኔ ባዳ ስሆን እርስዎ ግን ዘመድ ሆነው ሳለ ለቅሶ አልደረሱም። ዘመዶች ጠይቀውኛል፤ ስብሰባ ላይ ናቸው ብያለሁ። ድንኳኑ ቢፈርስም ቤቱ ክፍት ነው፤ ከአቶ አብዱልሃሚድ ጎን ወንበር አስቀምጬልዎታለሁ። ሲመጡ ካርድ መያዝ አያስፈልግዎትም፤ በእኛ በር ላይ የሚጠይቅ የለም።